ጋሽ ዘርይሁን እና ያልተቀመሰው መድኃኒት

ጋሽ ዘርይሁን ቤት ያንኳኳ ሰው ቶሎ ይከፈትልኛል ብሎ አይቸኩል። መጀመሪያ የበሩ ቀዳዳ ይጨልማል፤ ዓይናቸውን ደቅነዋል ማለት ነው። ካዩኝም በኋላ «ማነው?» ይላሉ። «እኔ ነኝ፣ ሀዲስ» ስል «ብቻሽን ነሽ?» ይመጣል። እዚህ ለንደን፣ ስቶክዌል፣ ግድግዳ ለግድግዳ ተጎራብተን ልጅ አሳድገናል፣ ለቅሶ ተደራርሰናል፣ ጨው ተበዳድረናል፤ ይቺ ጥያቄ ግን አንድም ቀን ቀርታልኝ አታውቅም። አንዳንዴ እበሽቅና «ብቻዬን ነኝ ጋሽዬ፤ ጦሩን ታች ሊፍቱ ጋ ትቼው ነው የመጣሁት» እላቸዋለሁ። አይስቁም። ሰንሰለቱን ሳይፈቱ ከጀርባዬ ያለውን ኮሪደር አይተው ነው የሚከፍቱልኝ።

እግዜር ሥራቸውን ለጠባያቸው ልክ ሰፍቶ የሰጣቸው ሰው ናቸው። ጡረታ እስኪወጡ ድረስ የለንደን አውቶቡስ ላይ ትኬት ተቆጣጣሪ ነበሩ። የተኛ መንገደኛ ካዩ «ይኼ እንቅልፍ ሳይሆን ትኬት ማጣት ነው» ብለው ይቀሰቅሱታል፤ መስኮት በጣም የሚያይ ካዩም፣ ስልኩ ላይ በጣም ያቀረቀረ ካዩም እንደዚያው። አብዛኛውን ጊዜ ልክ ነበሩ። የጎዳቸውም ይኸው ይመስለኛል። ሁልጊዜ ቢሳሳቱ ኖሮ አንድ ቀን ይተዉት ነበር። ልክ በሆኑ ቁጥር ግን «ጠርጥር፣ ከገንፎ ውስጥም ይኖራል ስንጥር» ይሉና አንድ ተጨማሪ ቁልፍ በራቸው ላይ ያስገጥማሉ።

ይህ ጠባይ ከአባታቸው ነው የጀመረው። አባታቸው በአንድ ባላባት ቤት ጠጅ አሳላፊ ነበሩ። የድሮ አሳላፊ ብርሌውን ለጌታው ከማቅረቡ በፊት በመዳፉ ጠብ አድርጎ ይቀምሳል፤ መርዝ ካለበት ቀድሞ የሚወድቀው እሱ ነው። ነውር አይደለም፣ ወግ ነው፤ እንግዳንም ማክበሪያ ነው። ጋሽ ዘርይሁን ወጉን ይዘው አደጉ። በኋላ በደርግ ዘመን አብሯቸው ሲበላ ሲጠጣ የኖረ ጓደኛቸው ጠቁሞባቸው ታሰሩ። ሲፈቱ ሌላ ሰው ሆነው ወጡ። እባብ ያየ በልጥ በረየ እንዲሉ፣ ወግ የነበረው ነገር ሕግ ሆነ፤ ከዚያ ወዲህ ሰጪው ቀድሞ ያልቀመሰው ነገር በአፋቸው አይዞርም።

ለንደንም መጥተው አልተዉትም። ሐኪም ቤት ነርሷ ውኃ ብትሰጣቸው ብርጭቆውን ይዘው እሷን ነው የሚያዩት። እኔ አምባሻ ይዤ ስሄድ ከጥጉ ቆርሼ ፊታቸው እበላለሁ። እኔማ ጴንጤ ስለሆንኩ ድርብ ፈተና ነው ያለብኝ፤ ከቀመስኩም በኋላ «ጸልየሽበት ነው ያመጣሽው?» ብለው ይጠይቁኛል። «ጸልዬበታለሁ፤ ነገ በልሳን ሲናገሩ ያድራሉ» እላቸዋለሁ። ይህን ሲሰሙ አምባሻውን ትንሽ ራቅ ያደርጉታል።

ባለቤታቸው እትዬ ሳባ ናት። በዕድሜ ብትበልጠኝም «አንቺ» በይኝ ብላ ራሷ ስላስለመደችኝ ነው እንዲህ የምጠራት። ቀጭን፣ ዝምተኛ፣ ሲደክማት እንኳ ድምፅ የማታሰማ ሴት ናት። ስንት ዘመን ልብስ ስትሰፋ ኖራ ዓይኗ ደክሟል። ሻይ ትቀዳለች፣ ፉት ትላለች፣ ለባሏ ትሰጣለች። ወጡን በማንኪያ ትቀምሳለች፣ ከዚያ ታቀርባለች። ሌላ ሴት ብትሆን ሳህኑን ትወረውረው ነበር። እኔ ራሴ በትምህርት ቤት ኩሽና ለስንትና ስንት ልጅ ምሳ የማቀርብ ሴት ነኝ፤ አንዱ ልጅ እንደዚህ ቢያደርገኝ ምን እንደምለው አውቃለሁ። ሳባ ግን ቅር ያላት አትመስልም ነበር።

ታዲያ ጋሽ ዘርይሁን ስኳር ያዛቸው። መጀመሪያ ኪኒን ነበር፤ ኪኒኑን ሳባ ጫፉን በምላሷ ነክታ ስለምትሰጣቸው ችግር አልነበረም። በኋላ ኪኒኑ አልበቃ አለ። የግራ እግራቸው አውራ ጣት ላይ ጫማ የላጠው ትንሽ ቁስል አልድን ብሎ ሰነበተ። የሰፈሩ ሐኪም፣ ጂፒው፣ አይቶ ኢንሱሊን እንዲጀምሩ አዘዘላቸው፤ ካልጀመሩ ጣቱ፣ ምናልባትም እግሩ ሊቆረጥ እንደሚችል ሳይደብቅ ነገራቸው። አንድ ከረጢት ሙሉ መድኃኒት ተሰጣቸው። ብዕር የሚመስሉ መርፌዎች ነበሩበት፤ ስኳራቸው ድንገት ወርዶ ራሳቸውን ቢስቱ ደግሞ ሌላ ሰው የሚወጋቸው በብርቱካንማ ሳጥን ያለ መርፌም ነበረበት። ሁሉም ፍሪጅ ገባ። ጋሽ ዘርይሁን ፍሪጁን ከፍተው እያዩ መዝጋት ሆነ ሥራቸው።

እሑድ ልጃቸው ያኤል ከዊልስደን መጣች። ያኤል እዚሁ ተወልዳ ያደገች፣ አማርኛዋ ከእንግሊዝኛ ጋር ተቃቅፎ የሚሄድ፣ ጎበዝ ልጅ ናት። የምትሠራው ባክቴሪያን እያራቡ ለሰው መድኃኒት የሚሆን ፕሮቲን የሚያወጡበት ላብራቶሪ ነው። የአባቷን ነገር ስለምታውቅ ሁሉን ግልጽ ብታደርግላቸው የሚያምኑ መሰላት። እኔም እዚያው ነበርኩ፤ ምን አለ ያኔ አፏን በያዝኩላት!

«አባዬ፣ ኢንሱሊን ሰውነታችን ራሱ የሚሠራው ነገር ነው» አለች። «የአንተ ሰውነት አሁን በቂ አይሠራም። ሶ፣ ሰው ኢንሱሊን የሚሠራበትን መመሪያ፣ ጂኑን፣ ባክቴሪያ ውስጥ ያስገቡታል። ከዛ እሷ የራሷ መስሏት ትሠራዋለች።»

ጋሽ ዘርይሁን መነጽራቸውን አወለቁ። «መስሏት?»

«አዎ፣ የራሷ መመሪያ ይመስላታል።»

«ተታላ ነው እንግዲህ የምትሠራው።»

«አባዬ፣ ባክቴሪያ ናት! አትታለልም።»

«አንቺ ነሽ መስሏት ያልሽ። እሺ ይሁን። ይቺ ባክቴሪያ የየት አገር ናት? የት ነው የምትኖረው?»

ያኤል ትንሽ አመነታች። እኔ ያኔውኑ ጠረጠርኩ። «ብዙ ጊዜ የሚጠቀሙት… ኢ ኮላይ የምትባለውን ነው። ሰው አንጀት ውስጥ ያለች። ግን ይቺ የላብ ናት፣ ምንም አታደርግም፣ ሃርምለስ ናት።»

«አንጀት ውስጥ!» አሉ ወደ ሳባ ዞረው። «ሰማሽ? ከየት እንደሚቀዳ ሰማሽ?» እሳቸው ተቆጣጣሪ ሆነው አውቶቡስ ላይ የወጡ ያህል ወንበራቸውን አስጠጉ። «ምን ይከፍሏታል?»

«ማንን?»

«ሠራተኛዋን ነዋ። በዓለም ላይ በነጻ የሚሠራ የለም። ምን አገኝ ብላ ነው ለእኔ የምትለፋው?»

ያኤል መሳቅ ጀመረች፤ ብትተወው ይሻላት ነበር። «ስኳር ይሰጧታል። ትልቅ የብረት ጋን ውስጥ ስኳር ያለው ውኃ ያደርጉላታል፣ እየበላች ትራባለች።»

«ስኳር! ስኳር እየቃመች ነው የስኳር መድኃኒት የምትሠራው?» ጉልበታቸውን መቱ። «ከዚያስ?»

«ከዛ ሴሎቹን ይሰብሯቸዋል፣ ኢንሱሊኑን ለይተው ያጣሩታል፣ ብዙ ጊዜ ቼክ ያደርጉታል።»

«ይሰብሯቸዋል» አሉ ቀስ ብለው። «አታልለው ያሠሯታል፣ ስኳር ይሰጧታል፣ ሥራው ሲያልቅ ምስክር እንዳይኖር ይገድሏታል። እኔ ደግሞ ይህን በሆዴ ላስገባ!»

ሳቄ አመለጠኝ። ያኤልም እየሳቀች እንባዋ መጣ። ጋሽ ዘርይሁን ግን ተነሥተው ከፍሪጁ አንዱን ብዕር አምጥተው ልጃቸው ፊት አስቀመጡ። «በይ፣ ይኸው። ቅመሽና ስጪኝ።»

«ምን?»

«እንደ ደንቡ። አንቺ ውጊ፣ ከዚያ እኔ እወጋለሁ።»

የያኤል ሳቅ ቆመ። «አባዬ፣ እኔ ስኳር የለብኝም። እኔ ብወጋው ስኳሬ ወርዶ ራሴን ልስት እችላለሁ። ሰው ሊሞት ይችላል እኮ።»

ፊታቸው ላይ የመጣውን ነገር እስካሁን አልረሳውም። ስንት ዘመን አንድ ሌባ ሲያባርር ኖሮ በመጨረሻ የያዘ ሰው ደስታ ነበር። «አየሽ?» አሉ። «አየሽ! የሚሠሩት ሰዎች ራሳቸው የማይደፍሩት ነገር።» ብዕሩን አንስተው ወደ ፍሪጁ መለሱት። ያኤል እንግሊዝኛውን ለቀቀችው፤ ጩኸቷ ታች ድረስ ሳይሰማ አልቀረም። እሳቸው በዚያ ቀን የሰሙት አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ልጃቸው ለመቅመስ እንደፈራች።

ያኤል ስታለቅስ ግን፣ ልጃቸው አይደለች፣ እሺ አሏት። መታጠቢያ ቤት ገብተው ራሳቸውን እንደሚወጉ ቃል ሰጧት። በየቀኑ ብዕሩን ይዘው ይገባሉ፣ በሩን ይቆልፋሉ፣ ይወጣሉ። ያኤል ስትደውል «ወግቻለሁ» ይላሉ። ስኳራቸው ግን ወይ ፍንክች። ጣታቸው መጥቆር ጀመረ።

አንድ ቀን ደረጃው ላይ ሳባን አገኘኋት። የገበያ ዕቃዋን መሬት አስቀምጣ ግድግዳውን ተደግፋ ቆማለች። «ሀዲስ፣ ሲንኩ ሐኪም ቤት ሐኪም ቤት ይሸታል» አለችኝ።

«የምን ሽታ?»

«መድኃኒቱ። ከብዕሩ ጫፍ ትንሽ ጠብ ብሎ እጄን ነክቶኝ ሽታውን አውቀዋለሁ። ሲንክ ውስጥ እየደፋው ነው። እኔን፣ ልጁን፣ ሐኪሙን፣ ሁላችንን እያታለለ ነው።»

«ለያኤል ንገሪያት።»

«ትጮኽበታለች። ሲጮኹበት ይብስበታል።» ዕቃዋን አነሣች። «እግሩን ሊቆርጡት ነው፣ ሀዲስ። አውቶቡስ ላይ ሲወጣ ሲወርድ የኖረ እግር።» እንዲህ ስትል ድምፅዋ አልተለወጠም፤ እኔ ነኝ የፈራሁት።

ነሐሴ ገባ፤ ጾመ ፍልሰታ። ሳባ ፍልሰታን አጥብቃ ነው የምትጾመው፤ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ውኃ እንኳ አትቀምስም። ትምህርት ቤት ስለተዘጋ እኔም ቤት ነበርኩ። ቀትር ላይ ምሳዬን እየሠራሁ ሳለ ከግድግዳው ወዲያ ጋሽ ዘርይሁን ስሜን ሲጠሩ ሰማሁ። ጋሽ ዘርይሁን ጮኸው አያውቁም። ስሮጥ በራቸው ወለል ብሎ ተከፍቷል፤ ማንም ብቻሽን ነሽ ወይ አላለኝም።

ሳባ ሶፋው ላይ ናት። ላቧ በነጠላዋ ላይ ወርዷል፣ ከንፈሯ ገርጥቷል፣ ዓይኗ ገርበብ ብሎ እኔን አያየኝም። ጋሽ ዘርይሁን መሐል ክፍሉ ላይ ቆመው የኢንሱሊኑን ብዕር በመሐረብ ጠቅልለው ይዘውታል። ልቀበላቸው ስል እጃቸውን ሸሸጉ።

«አትንኪው! ማስረጃ ነው!» አሉ። «ብያለሁ፣ ስንት ጊዜ ብያለሁ! መርዝ ነው! ፊቴ ወጋችው፤ ‹ይኸው ቀመስኩልህ፣ አሁን ውሰድ› ብላ ሆዷ ላይ ወጋችው። ደህና ነበረች። ቁጭ ብላ ታየኝ ነበር። ከዚያ እጇ መንቀጥቀጥ ጀመረ፣ የማይገባ ነገር መናገር ጀመረች…»

ገባኝ። ሁሉም ነገር ባንድ ጊዜ ገባኝ። ልጅቷ አልቀምስም ስላለች እናትየው ቀመሰች። መርፌ ጾም አይፈታም ብላ፣ በባዶ ሆዷ፣ ለባሏ የታዘዘውን ሙሉ መጠን። መድኃኒቱ መርዝ ስላልሆነ፣ መድኃኒት ስለሆነ ነው የጣላት፤ ልክ ያኤል እንዳለችው ሠርቷል። ይህን ግን ያን ሰዓት ለእሳቸው ማን ያስረዳቸው?

አምቡላንስ ጠራሁ። እየመጡ ነው፣ ካልነቃች በአፏ ምንም እንዳታደርጉ አሉኝ። ወዲያው ለያኤል ደውዬ ስፒከሩን ከፈትኩት። የምለውን ሰምታ እንዳለቀሰች አውቃለሁ፤ ድምፅዋ ግን ቀጥ ያለ ነበር። «ፍሪጅ። ብርቱካንማው ሳጥን። አሁን! ስኳሯን ወደ ላይ የሚመልሰው እሱ ነው። ፈሳሹን ዱቄቱ ውስጥ ጨምሩ፣ ነቅንቁት፣ መልሳችሁ ሳቡት፣ ጭኗ ላይ ውጓት።»

ሳጥኑን አመጣሁ፤ ክዳኑ አልከፈት አለኝ። ጋሽ ዘርይሁን ከእጄ ወሰዱት። አገላብጠው አዩት። የገዛ ሚስታቸው እያጣጣረች እንኳ አዩት!

«ይኼስ?» አሉ ወደ ስልኩ። «ይኼ ከምን ተሠራ?»

«አባዬ! እሱም እንደዛው ነው የሚሠራው! ያው ነው! ስጣት፣ ፕሊስ፣ ስጣት!»

ሰውየውን አየኋቸው። ግንባራቸው ላይ ያለው ደም ሥር ተነሥቷል። ወደ ሳባ አዩ፣ ወደ መርፌው አዩ። የሚቀምስ ሰው አልነበረም፤ የመቅመሻ ጊዜም አልነበረም። መሐረቡን ከነብዕሩ መሬት ጣሉት፣ ፈሳሹን ከዱቄቱ ጋር በጠበጡ፣ ተንበረከኩና በቀሚሷ ላይ ወጓት። ከዚያ ራሳቸውን ሶፋው ጠርዝ ላይ አድርገው «ሳባ፣ ሳባ፣ ሳባ» እያሉ ጠሯት። ደጋግመው ስሟን ሲጠሩ ሰምቼ አላውቅም ነበር።

የአምቡላንስ ሰዎች ሲገቡ ዓይኗን ገልጣ ነበር። ጣፋጭ ነገር እየሰጡ ስኳሯን ለኩ፣ ኦክስጅን አደረጉላት። እዚህ ላይ ጋሽ ዘርይሁን ዝም ቢሉ ምን ነበረበት! መሐረቡን ከመሬት አንስተው በእንግሊዝኛ «መድኃኒቱ መርዝ ነው፤ ማስረጃውን ይዤላችኋለሁ» አሏቸው። ሁለቱ ሰዎች ተያዩ። አንዲት ስኳር የሌለባት ሴት፣ ሁለት ቦታ የመርፌ ምልክት፣ ማስረጃ የሚያስረክብ ባል። እኔም በእነሱ ቦታ ብሆን እተያይ ነበር።

ሆስፒታል ስንደርስ ሳባን መጋረጃ ውስጥ አስገቧት፤ እኛን ውጭ ወንበር ላይ አስቀመጡን። ትንሽ ቆይቶ የሆስፒታሉ የማኅበራዊ ጉዳይ ሠራተኛ የሆነች አንዲት ሴት ፋይል ይዛ መጥታ ከጋሽ ዘርይሁን ፊት ተቀመጠች። ትሕትናዋ ለጉድ ነው። ዓይኗ ግን የማውቀው ዓይን ነበር፤ አውቶቡስ ላይ የተኛ መንገደኛ የሚያዩበት የእሳቸው ዓይን።

«ኢንሱሊኑን ማን ነው የወጋት?»

«ራሷ ናት።»

«ለምን?»

«እኔ መድኃኒቴን ሌላ ሰው ሳይሞክርልኝ አልወስድም።»

ሴትዮዋ መጻፏን አቆመች። «ባለቤትዎ መድኃኒትዎን ይሞክሩልዎታል?»

«መድኃኒቱን ብቻ አይደለም። ምግቤንም፣ መጠጤንም። ሁልጊዜ። መርዝ ቢኖርበት…» አሉና የተናገሩት ነገር ጆሯቸው ውስጥ ሲገባ አየሁ። በአማርኛ ወግ የነበረው ነገር በእንግሊዝኛ ወንጀል መሰለ። ላግዛቸው ብዬ «በአገራችን ባህል ነው» አልኩ፤ ባስኩት እንጂ አልረዳሁም። ሴትዮዋ ወደ እኔ ዞራ ስሜንና ዝምድናዬን ጠየቀችኝ።

ጋሽ ዘርይሁን ላብ አጠመቃቸው። «አልነካኋትም» አሉ። «ማንንም መጠየቅ ትችላላችሁ። የወጋኋት ሁለተኛውን ነው፣ የሚያድነውን።» ድምፃቸው ቀጠነ። ያልተጠየቁትን መመለስ ጀመሩ፣ የመለሱትን መልሰው ማረም ጀመሩ። እሳቸው አንድ ሰው እንዲህ ሲያደርግ ቢያዩ በቀጣዩ ፌርማታ ነበር የሚያስወርዱት። አሳዘኑኝ፤ ግን እውነቱን ልናገር፣ እሰይ ያለ ልብም ነበረኝ።

ያኔ ነው ከመጋረጃው ወዲያ የአንዲት ነርስ ድምፅ የመጣው። ቀስ ብላ ነው የምትናገረው፣ ግን መጋረጃ መጋረጃ ነው። «ብቻችንን ነን፣ ሳባ። ቤትሽ ውስጥ ደህና ነሽ? ባልሽን ትፈሪዋለሽ?»

ጋሽ ዘርይሁን ወደ መጋረጃው ዞሩ።

«እሱን?» አለች በዚያ በተጎተተ እንግሊዝኛዋ። «እኔ አልፈራውም። እሱ ነው እኔን የሚፈራኝ። ካገባኝ ቀን ጀምሮ።»

ነርሷ ቀልድ መስሏት ሳቀች። ሳባ ግን አልሳቀችም። ቆይቶ የማልቀስ ድምፅ ሰማን፤ ነርሷም መሳቋን ተወች። እኔ ያን ሁሉ ዘመን ሻዩን ፉት ስትል ለምዳዋለች እል ነበር። ሰው እንደዚህ ያለውን ነገር አይለምድም። በቀን ስንቴ ‹አልገደልኩህም› እያሉ መኖር እንዴት ይለመዳል? ጋሽ ዘርይሁንን ለማየት ዞርኩ። ፊታቸውን በሁለት እጃቸው ይዘው ነበር። ፋይል የያዘችው ሴት ጥያቄዋን ትታ ተነሣች።

ሳባን አንድ ቀን ይዘው አሰናበቷት። ጋሽ ዘርይሁንን በሚመለከት የሚጠየቀው ተጠይቆ፣ ያኤልም መጥታ ሁሉን አስረድታ፣ ነገሩ በዚያው ቀረ። ቤት ስንገባ ያኤል ለእናቷ ትራስ አመቻቸች፣ እኔ ሾርባ አሞቅኩ። ጋሽ ዘርይሁን ኮታቸውን ሳያወልቁ ወደ ፍሪጁ ሄዱ። አዲስ ብዕር ይዘው መጥተው ሳባ ፊት ቆሙ። ሸሚዛቸውን ከሱሪያቸው መዘዙና ሆዳቸውን ገለጡ። አንድ ትልቅ ስጦታ የያዘ ሰው ይመስሉ ነበር፤ ለእሳቸው ትልቅ ስጦታ ነበርም።

«ሳባ» አሉ። «አንቺ ውጊኝ። ምንም ሳትቀምሺ። ዝም ብለሽ ውጊኝ።»

ያኤል እጄን ያዘችኝ። ሁላችንም የጠበቅነው አንድ ነገር ነበር፤ ሳባ ብዕሩን ተቀብላ እንድትወጋ፣ ከዚያ ሁሉም እንዲያልቅ።

ሳባ ብዕሩን ተቀበለች። ትንሽ ይዛው ቆየችና ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችው።

«አልወጋህም» አለች።

«ሆስፒታል ሳለሽ ይቅር በይኝ ብዬሻለሁ እኮ።»

«ይቅር ብዬሃለሁ። ግን አልወጋህም፣ ዘርይሁን። ነገ አንድ ነገር ብትሆን መጀመሪያ ጠርጥረህ የምታየው እኔን ነው።»

አፋቸውን ከፈቱ። አይደለም፣ አላይሽም ሊሉ ነበር። ሳባ እያየቻቸው ጠበቀች፤ ሁላችንም ጠበቅን። ቃሉ አልወጣላቸውም። ፊት ለፊት ሲዋሹ ደግሞ ይታወቅባቸዋል፤ እሳቸውም ያውቁታል።

ብዕሩን ከጠረጴዛው አንስተው ራሳቸው ወጉ። ራሳቸውን ወግተው ስለማያውቁ መርፌው ሁለቴ ሳተባቸው። ሳባ ተነሥታ ሾርባዋን ይዛ ወደ መኝታ ክፍል ገባች።

ጣታቸው ድኗል። ሐኪሙ ያያቸዋል፣ ይደሰታል፣ ያኤልም ትደሰታለች። በየቀኑ ሳሎን ውስጥ፣ ሰው ሁሉ እያየ፣ በሩን ሳይዘጉ ይወጋሉ። ሳባ ግን ያን ሰዓት እዚያ መገኘት አትፈልግም፤ ብዕሩን ከፍሪጅ ሲያወጡ ካየች የያዘችውን ሥራ ትታ ከክፍሉ ትወጣለች።